ርካሽ የፕሮጀክተር ስክሪን በራስ እጅ፦ ልኬቱ፣ ፍሬሙ፣ ጨርቁና ጥቁሩ ጠርዝ

ሰያፍ_ልኬት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በራስ እጅ ስለሚሠራ ስክሪን ሲወራ ሁሌም የሚቀድመው ጥያቄ «የቱ ጨርቅ ይሻላል?» ነው። ጨርቁ ይታሰብበት፤ ግን ጠማማ ፍሬም ላይ ከተወጠረ ውድ ጨርቅ ይልቅ ቀጥ ያለ ፍሬም ላይ በደንብ የተወጠረ ተራ ጨርቅ ያማረ ምስል ይሰጣል። ስለዚህ ከልኬቱና ከፍሬሙ ልጀምር፤ ስለ ጨርቅ የምታውቁ ከታች ጨምሩበት።

የስክሪን ሥራ የመጣለትን ብርሃን ቀለሙን ሳይለውጥ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጎ ወደ ተመልካቹ መመለስ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ ቋሚ ስክሪን ላይ የምንከፍለው በአብዛኛው ለሦስት ነገር ነው፦ ለማያብለጨልጭ ነጭ ገጽ፣ ለማይጨማደድ ውጥረትና ለጥቁር ጠርዝ። ሦስቱንም ቤት ውስጥ በመጋዝ፣ በስቴፕለርና በትዕግሥት ማግኘት ይቻላል። በሞተር የሚጠቀለል ከፈለጋችሁ ግን ግዙት፤ ቤት ውስጥ የተሠራ ጥቅልል ጨርቅ ጎንና ጎኑን የሚስበው ነገር ስለሌለ ውሎ አድሮ ይሞገዳል።

እንጨትም ጨርቅም ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮጀክተሩን ለዘለቄታው በሚቀመጥበት ቦታ አድርጋችሁ ምስሉን ባዶ ግድግዳ ላይ ጣሉት። ኪስቶን የሚባለውን የማዕዘን ማስተካከያ ዜሮ አድርጉት። ኪስቶን ምስሉን የሚያቃናው ከፕሮጀክተሩ ነጥቦች ከፊሉን አጥፍቶ ሥዕሉን በቀሩት ላይ በመጭመቅ ስለሆነ ጥራት ይቀንሳል። ይልቅ ፕሮጀክተሩን ራሱን ከግድግዳው ጋር ትይዩ እስኪሆን አንቀሳቅሱት። ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች በእርሳስ ምልክት አድርጉና ለኩ። ቦታው ላይ የሚሞላውን መጠን ያያችሁት ያኔ ነው።

«100 ኢንች» የሚባለው የሰያፉ፣ ማለትም ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለው ርዝመት ነው። በ16 ለ 9 ምጣኔ 100 ኢንች ማለት 221 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 124.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 254 ሳንቲ ሜትር ሰያፍ ነው። 120 ኢንች 266 በ149 ይሆናል። ፕሮጀክተራችሁ 1280 በ800 ከሆነ ምጣኔው 16 ለ 10 ነው፤ ቁመቱ ይጨምራል። የምታዩበት ፊልም ብቻ ከሆነ ፍሬሙን በ16 ለ 9 ሥሩት፤ ከላይና ከታች የሚተርፈውን ጥቁሩ ጠርዝ ይውጠዋል። ርቀቱን ለመገመት በፕሮጀክተሩ መመሪያ ላይ ያለውን የርቀት ምጣኔ በምስሉ ስፋት አባዙት፤ ምጣኔው 1.2 ከሆነ ለ100 ኢንች 2.65 ሜትር ያስፈልጋል። ለመቀመጫችሁ ደግሞ ስክሪኑ በዓይናችሁ ፊት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ቢይዝ ይመከራል፤ ለ100 ኢንች ከ3 እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው።

ፍሬሙን ከደረቀ ሞራሌ ሥሩት። ማዕዘኖቹን በኮላና በቪቴ ከገጠማችሁ በኋላ ከጀርባ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ አስደግፏቸው። ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፎች ለኩ። እኩል ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ብሏል፤ አንዱ ከበለጠ ረጅሙን ሰያፍ ከጫፍና ከጫፍ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ስኳድራ ማዕዘን በማዕዘን ከሚነግራችሁ ይልቅ ሰያፉ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይነግራችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር። ጨርቁ በጠቅላላው የሞራሌ ፊት ላይ ተኝቶ ከቀረ፣ የሞራሌው የውስጠኛው ጠርዝ ደማቅ ምስል ሲመጣ እንደ መስመር ይወጣል። ስለዚህ በፍሬሙ ፊት፣ በውጨኛው ዳር ላይ ብቻ፣ ቀጭን የእንጨት ዝርግ ዙሪያውን ምቱበት። ጨርቁ የሚነካው ያንን ከፍ ያለ ዳር ብቻ ይሆናል፤ መሃሉ አየር ላይ ይቀራል። ከላይኛው እንጨት ወደ ታችኛው የሚወርደውን የመሃል ቋሚ ድጋፍም አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አስገብታችሁ ግጠሙት። ያለ እሱ ረጃጅሞቹ እንጨቶች ጨርቁ ሲወጠር ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ።

ጨርቁን ፊቱን ወደ ታች አንጥፉ፣ ፍሬሙን ከላይ አስተኙ። ሰዓሊ ሸራ እንደሚወጥረው ከመሃል ጀምሩ፦ የላይኛው እንጨት መሃል አንድ ስቴፕል፣ ትይዩው ታች አንድ፣ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። ከዚያ ከየመሃሉ ወደ ማዕዘን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሁልጊዜ አንዱን ጎን ከመታችሁ በኋላ ተቃራኒውን እየመታችሁ ሂዱ። ማዕዘኖቹ መጨረሻ ናቸው።

በመጨረሻ ዙሪያውን ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ከፈይ አልብሱት። ምስሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፈዩ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። የምስሉ ዳር ብዥታ እዚያው ይዋጣል፣ ዓይናችሁም ከጎኑ እውነተኛ ጥቁር ስላገኘ ምስሉን ይበልጥ ደማቅ አድርጎ ያየዋል። ገንዘብ አንሷችሁ አንዱን መተው ካለባችሁ ጨርቁን አርክሱ እንጂ ከፈዩን አትተዉ።

አዲስ_ተመልካች፦

ወንድሜ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የሰያፉን ነገር ማንም እንዲህ አላስረዳኝም ነበር። የእኔ ፕሮጀክተር ትንሽ ነው። ካርቶኑ ላይ ብዙ ሺህ ሉመን ይላል፤ መመሪያው ውስጥ ግን በትንሽ ጽሑፍ 250 አንሲ ሉመን የሚል አለ። እስካሁን የማየው በተሰቀለ ነጭ አንሶላ ላይ ነው። ምስሉ የደበዘዘ ይመስለኛል፣ በተለይ ቀን ላይ። ግድግዳው ክሬም ቀለም ነው፣ ኮርኒሱ ነጭ ነው፣ አንድ ትልቅ መስኮት አለ። 120 ኢንች ልሠራ ነበር ያሰብኩት። ትመክሩኛላችሁ?

ጨለማ_ክፍል፦

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ተወው፤ አንተን የሚመለከትህ 250 አንሲ ሉመን የሚለው ነው፤ አንሲ ሉመን በታወቀ የአለካክ ደረጃ የተለካ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ነው። ብዙ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ከሌንስ ወጥቶ ስክሪን ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አይገልጽም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሉመኑን ለስክሪኑ የቆዳ ስፋት በካሬ ሜትር ብታካፍለው ሉክስ ታገኛለህ። ሉክሱን ለ3.14 ብታካፍለው ደግሞ ተራ ማት (የማያብለጨልጭ) ነጭ ስክሪን ወደ ዓይንህ የሚመልሰውን ድምቀት በካንዴላ በካሬ ሜትር ታገኛለህ። ለመነጻጸሪያ፣ የዲጂታል ሲኒማ ደረጃ 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው፤ ያውም ሙሉ በሙሉ በጨለመ አዳራሽ።

ያንተን እንሥራው። 120 ኢንች 3.97 ካሬ ሜትር ነው፤ 250 ሲካፈል 63 ሉክስ፣ ወደ ዓይን የሚመጣው 20 ካንዴላ። 100 ኢንች 2.75 ካሬ ሜትር ነው፤ 29 ካንዴላ። 80 ኢንች ደግሞ 177 በ99.6 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 1.76 ካሬ ሜትር ነው፤ 45 ካንዴላ። ከ120 ወደ 80 ስትወርድ ድምቀቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፣ ምንም ሳትከፍል። በዚህ ፕሮጀክተር 80 ኢንች ሥራ። ከዚያ በላይ ብትሄድ ትልቅ ግን የማያስደስት ምስል ነው የምታገኘው።

አንሶላውን በተመለከተ፦ ቀጭን ነው፣ ብርሃኑን ያሳልፋል። ያለፈው ብርሃን ከኋላ ያለውን ግድግዳ መትቶ ተበትኖ ይመለሳል፤ ያየኸው ድብዝዝታ ከፊሉ እሱ ነው።

የቀኑን ጉዳይ ግን የትኛውም ነጭ ስክሪን አይፈታልህም። ፕሮጀክተር ጥቁር መጣል አይችልም። ጥቁር የምንለው ብርሃን ያላረፈበት የስክሪኑ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ስክሪኑን ነጭ አድርጎ እያሳየህ ከሆነ ከዚያ የጠቆረ ጥቁር አታገኝም። ከስክሪኑ በፊት መስኮቱን ሸፍን።

መርፌና_ክር፦

ሰላም። ስለ ጨርቁ እኔ ልጨምር፤ መጋረጃ መስፋት ሥራዬ ነው።

ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው ጨርቆች ሁሉ የምመርጠው ብርሃን የማያሳልፈውን የመጋረጃ ገበር ነው። አንዱ ፊት ጨርቅ ነው፣ ሌላው ፊት ጎማ የመሰለ ቅብ አለው። ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ሁለቱንም መብራት አስጠግታችሁ ከጎን ተመልከቱ፤ ያነሰ የሚያብለጨልጨው ነው ወደ ተመልካች የሚዞረው። አንዳንዱ ገበር ወደ ክሬም ያደላ ነው። ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጋችሁ ካላነጻጸራችሁ ዓይን ይለምደዋል፤ ምስሉ ላይ ግን ቢጫነት ይጨምራል።

ነጭ ባነር ልሙጥ ነው፣ አይጨማደድም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ግን ብዙው ያብለጨልጫል፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የፕሮጀክተሩ መብራት መሃል ላይ ነጭ ብርሃን ሆኖ ይታያል። ማት የሆነውን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ሽታም አለው፤ ከመወጠሩ በፊት አየር ላይ ይክረም። አቡጀዲም ሆነ አንሶላ ግን ከጀርባው ሌላ ነጭ ጨርቅ ካልተደረበ ይሳሳል።

አሁን ዋናው ነገር፣ የጨርቁ ጎን፣ ማለትም ወርዱ። የመጋረጃ ገበር ብዙ ጊዜ የሚመጣው 137 ወይም 150 ሳንቲ ሜትር ጎን ሆኖ ነው። መሃሉ ላይ ስፌት ያለበት ስክሪን ከሚሠራ ስክሪኑን ማሳነስ ይሻላል፤ ስፌት በየትኛውም ደማቅ ሰማይ ላይ ይታያል። ስለዚህ ቁመቱን ከጨርቁ ጎን አንጻር አስሉት፦ የምስሉ ቁመት፣ ከላይና ከታች ከከፈዩ ሥር የሚገባው፣ ከዚያ እንጨቱን ዞሮ ስቴፕል የሚመታበት። ለ80 ኢንች 99.6 ሲደመር 14 ለጠርዝ (ከላይ 7፣ ከታች 7)፣ ሲደመር 12 ለመጠምጠሚያ፣ 125.6 ይሆናል፤ 137 ጎን ካለው ጨርቅ ምቹ ሆኖ ይወጣል። ለ100 ኢንች ግን በዚሁ አሠራር 150.5 ይመጣል፤ 150 ጎን ያለው እንኳ ለጥቂት አይበቃም። ጠርዙን ከ7 ወደ 6 ብታወርዱት 148.5 ይሆንና ይበቃል።

ሲገዙ ደግሞ በቱቦ የተጠቀለለውን ጠይቁ። ታጥፎ የከረመ ገበር የእጥፋቱ መስመር ጎማው ላይ ይቀራል። ቤት ካመጣችሁት በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ይውረድ። መተኮስ ካስፈለገ በጨርቁ ፊት፣ ቀጭን ጨርቅ ከላይ አድርጋችሁ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ። የጎማው ፊት ካውያ አይችልም፤ ይጣበቃል።

አናጢው፦

ሰያፍ_ልኬት የጻፈው ትክክል ነው፤ ስለ እንጨቱ ትንሽ ልበል። ሞራሌ ስትመርጡ ጫፉን ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ በርዝመቱ ተመልከቱት። በአንድ ጎን የጎበጠ ብቻ ከሆነ በቋሚ ድጋፍ ይስተካከላል። የተጠማዘዘ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ጫፍ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ከሆነ፣ አትግዙት፤ እሱን የሚያስተካክል ድጋፍ የለም። ሦስቱ ማዕዘን መሬት ሲነካ አንዱ የሚነሳበት ፍሬም ከዚህ ዓይነት እንጨት ነው የሚመጣው። እርጥብ እንጨት ደግሞ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ከመቆረጡ በፊት ክፍሉ ውስጥ ዝርግ ሆኖ ይክረም።

ቁመቱና ስፋቱ ለየብቻ ሳይሆን ሁለቱ ትይዩ እንጨቶች አብረው ታስረው በአንድ ጊዜ ይቆረጡ። ሜትሮው ቢሳሳት እንኳ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ ሰያፉም በቀላሉ ይገጥማል።

ለመስቀል ብዙ ቪቴ አያስፈልግም። አንድ ዝርግ ጣውላ በርዝመቱ በ45 ዲግሪ ለሁለት ሰንጥቁት። አንዱ ግማሽ የተቆረጠው ፊቱ ወደ ላይና ወደ ግድግዳው ዞሮ ግድግዳው ላይ ይመታል፤ ሌላው ተገልብጦ በስክሪኑ ጀርባ። ስክሪኑን ከላይ አምጥታችሁ ስታወርዱት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። የግድግዳውን በውሃ ልክ አስተካክሉት እንጂ የስክሪኑ ራሱ ይመጣል፤ ግራ ቀኝ ማንሸራተትም ይቻላል። ከታች የጣውላውን ውፍረት የሚያክሉ ሁለት ማካካሻ እንጨቶች ካላደረጋችሁ ግን ስክሪኑ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል፣ ትኩረቱም ከላይና ከታች ይለያያል።

ቀለም_ቀቢው፦

ሁላችሁም ወደ ፍሬም ሄዳችሁ፤ ግድግዳ ያለው ሰው ለምን ይደክማል? ስክሪኑ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ ከቀለም የረከሰ የለም። አይጨማደድም፣ አይላላም።

ግን ቀለሙ ከሥራው ትንሹ ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ባትሪ ከግድግዳው ጋር አጋድማችሁ አብሩ። ቀን የማይታይ ጉድጓድና እብጠት ሁሉ ጥላ እየጣለ ይወጣል። በስቱኮ ሙሉት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት፣ እንደገና ባትሪውን አብሩ። ጥላው እስኪጠፋ መደጋገም ነው። አቧራውን ጠርጋችሁ ፕራይመር ቀቡ፣ ከዚያ ማት የሆነ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ አጭር ፀጉር ባለው ሮለር። ሮለሩን ሳታነሱ ከላይ ወደ ታች፣ የፊተኛው ሳይደርቅ የሚቀጥለውን እያያያዛችሁ። የደረቀ ላይ ተመልሳችሁ ከነካካችሁ ያ ቦታ በፕሮጀክተር ብርሃን ሌላ ቀለም መስሎ ይታያል። ሳቲንና የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ ያብለጨልጫሉ። ዙሪያውን ደግሞ በጥቁር ማት ቀለም አጥሩት።

ለአዲስ_ተመልካች የምመክረው ቀላል ግራጫ ነው። ግድግዳው ክሬም፣ ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ነጭ ስክሪን ሁሉን ያበራዋል። ነጩ ላይ ጥቂት ጥቁር ብቻ ጨምሮ ቢቀባ ጥቁሩ ይጠቁርለታል።

ጨለማ_ክፍል፦

ቀለም_ቀቢው፣ ስለ ባትሪው የጻፍከውን ሰው ሁሉ ያንብበው። በግራጫው ግን አልስማማም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ብዙ ሰው ሲደናገርበት አያለሁ።

ስክሪን ላይ የሚያርፍ የማንፈልገው ብርሃን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ከመስኮት ወይም ከአምፖል። ሁለተኛው ከራሱ ከምስሉ የሚመጣ ነው፦ ብርሃኑ ከስክሪኑ ተነስቶ ነጩን ኮርኒስና ክሬሙን ግድግዳ ይመታል፣ ከዚያ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ያርፋል።

ጌይኑ 0.8 የሆነ፣ ማለትም ተራ ነጭ ስክሪን ከሚመልሰው ብርሃን 80 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ስክሪን እንውሰድ። ምስሉ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ከመስኮት የመጣው ብርሃንም ስክሪኑን የሚነካው አንዴ ስለሆነ እኩል ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ንጽጽሩ (ነጩ ከጥቁሩ የሚደምቅበት ምጣኔ) አልተለወጠም፤ ሁሉም ነገር ጠቆረ እንጂ። ከኮርኒስ ዞሮ የመጣው ግን ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ነው የነካው። 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64 ነው። ምስሉ 80፣ የሚያደበዝዘው ብርሃን 64። እዚህ ላይ ንጽጽሩ በ25 በመቶ ይሻሻላል።

ስለዚህ ግራጫ የሚጠቅመው የውጭ ብርሃን ተዘግቶ፣ ግድግዳው ነጣ ብሎ፣ ፕሮጀክተሩ ትርፍ ብርሃን ሲኖረው ነው። አዲስ_ተመልካች ትርፍ ብርሃን የለውም። በ80 ኢንች ያገኘው 45 ካንዴላ ወደ 36 ይወርድበታል። እሱ ነጩን ይዞ ኮርኒሱን ቢያጠቁር ይሻለዋል።

ቀለም_ቀቢው፦

ለእሱ ፕሮጀክተር ልክ ነህ፣ ነጭ ይሁን። ብርሃኑ ለበረታ ፕሮጀክተር ግን ነጭ ኮርኒስ ባለበት ክፍል ግራጫዬን አልለቅም፤ የሁለት ጊዜው ስሌትህም ይህንኑ ነው የሚለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ተቀይጦ የመጣ ግራጫ ቀለም ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡኒ ያደላል። ትንሽ ሰሌዳ ቀብታችሁ ጥቁርና ነጭ ምስል ጣሉበት፤ ቀለም የሚመስል ነገር ከታያችሁ አይሆንም።

አዲስ_ተመልካች፦

ኮርኒሱን በሙሉ መቀባት አልችልም፤ የኪራይ ቤት ነው። ከፊሉን ማጥቆር ይጠቅማል?

ጨለማ_ክፍል፦

በጣም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከስክሪኑ አጠገብ ካለው የመጀመሪያ አንድ ሁለት ሜትር ኮርኒስና የጎን ግድግዳ ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የማያብለጨልጭ ጨርቅ ፊልም ስታይ ስቀልበት፣ ሲያልቅ አንሳው። ወለሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከስክሪኑ ሥር ጠቆር ያለ ምንጣፍ አንጥፍ።

ድምፅ_ወዳድ፦

ስፒከሮችን ከስክሪኑ ጀርባ ማድረግ ለሚፈልግ፦ ገበርም ባነርም ድምፅ ያፍናሉ፣ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ። ለዚህ የሚሆነው ነጭ ላይክራ ነው፤ ስስ ስለሆነ ሁለት ድርብ ይወጠራል። የተወሰነ ብርሃን ያልፋል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳና ስፒከር ጥቁር ካልሆነ ያለፈው ብርሃን ተመልሶ ይታያል። ስለሚለጠጥ መወጠሩ ከሁሉም ይቀላል፤ ዋጋው ግን ከገበሩ ይበልጣል፣ ለትንሽ ፕሮጀክተርም አልመክረውም።

የጓሮ_ሲኒማ፦

ከቤት ውጭ የምታዩ ካላችሁ የእንጨቱን ፍሬም ተዉት። የፕላስቲክ ወይም የብረት ቧንቧ ፍሬም፣ ዙሪያውን የብረት ቀለበት የተመታበት ባነርና የሚለጠጥ ገመድ ይበቃል። ገመዱ የሚለጠጥ የሚሆነው ለውበት አይደለም። 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ 4 ካሬ ሜትር ስክሪን ላይ ከ20 ኪሎ በላይ በሚመዝን ኃይል ይገፋል። ገመዱ ካልሰጠ ወይ ቀለበቱ ይቀደዳል ወይ ፍሬሙ ሰው ላይ ይወድቃል። ልጆች ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ይህን እንደ ቀላል አትዩት፦ እግሮቹን በአሸዋ ከረጢት ጫኑ፣ ከኋላ በሁለት ገመድ ወደ መሬት እሰሩ፣ ነፋሱ ከበረታ ስክሪኑን አውርዱት። እና ሙሉ በሙሉ እስኪመሽ ጠብቁ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሰማዩ ለረጅም ጊዜ ያበራል።

ጥያቄም አለኝ። ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ የሚጥለው የቅርብ ርቀት ፕሮጀክተር በጨርቅ ስክሪን ይሆናል?

ሰያፍ_ልኬት፦

በጨርቅ አልመክርም። ብርሃኑ በጣም አጋድሞ ስለሚመጣ ለሌላ ፕሮጀክተር የማይታይ የአንድ ሚሊ ሜትር ሞገድ እዚያ ቀጥ ያለውን መስመር ያጣምመዋል። ለእሱ የቀለም_ቀቢው መንገድ ወይም የተቀባ ኤምዲኤፍ ሰሌዳ ነው የሚሆነው።

አዲስ_ተመልካች፦

ሰላም በድጋሚ። የ80 ኢንቹን ፍሬም ሠራሁ፣ ሁለቱ ሰያፎች እኩል መጡ። መስኮቱንም ሸፈንኩ። ገበሩ ተወጥሯል፣ ምስሉ ከአንሶላው ጋር አይወዳደርም። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በቀኝ በኩል ከላይኛው ማዕዘን ወደ መሃል የሚወርዱ ሰያፍ ጭምድድ መስመሮች አሉ። በግራ በኩል ደግሞ ከአንዳንዱ ስቴፕል የሚነሱ አጫጭር ጭረቶች አሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ከፈዩ ነው፤ ቆርጬ ሳስተያይ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጠቆር ይላል፣ ከአንድ ጨርቅ የወጡ ናቸው።

መርፌና_ክር፦

ጎበዝ! ሁለቱ ጭምድዶች ምክንያታቸው የተለያየ ነው።

ከማዕዘን ወደ መሃል የሚወርደው ጨርቁ በአንድ በኩል ብቻ ተስቦ ሌላው ስለላላ ነው። የጨርቁን ክር ተከትለህ ተመልከት፤ ከእንጨቱ ጋር ትይዩ መሆኑን ትቶ ወደ ማዕዘኑ ዞሮ ታገኘዋለህ። የቀኙን ጎን ስቴፕሎች ከማዕዘኑ እስከ መሃል ንቀል፣ የላይኛውንም ጎን ከማዕዘኑ አንድ ክንድ ያህል ንቀል። ከዚያ ከየመሃሉ ጀምረህ ወደ ማዕዘኑ መልሰህ ምታ። ክሩ ከእንጨቱ ጋር ትይዩ ሆኖ መቆየቱን በየስቴፕሉ እያየህ። ማዕዘኑ ላይ የሚተርፈውን ጨርቅ ወደ ጀርባ አጥፈህ አሳርፈው እንጂ በኃይል አትሳበው።

ከስቴፕል የሚነሱት ጭረቶች ግን አንዱ ስቴፕል ከጎረቤቶቹ በላይ ስለተሳበ ነው። እነሱን ብቻ ንቀልና ጨርቁን ለቀቅ አድርገህ መልሰህ ምታ፣ በመካከላቸውም አንዳንድ ጨምር። ከዚያ በኋላ የሚቀር ቀላል ሞገድ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ከጀርባ፣ ሳታስጠጋ፣ ሞቅ ሞቅ አድርገው።

ከፈዩ አንድ ጨርቅ ነው፤ የለየው የፀጉሩ አቅጣጫ ነው። በእጅህ ዳብሰው፤ በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። ፀጉሩ ወደ ላይ ሲመለከት ጠቆር ይላል። አራቱን ቁራጮች ስትለጥፍ ሁሉም ፀጉራቸው ወደ ላይ ይሁን፣ የላይኛውና የታችኛውም ጭምር። ይህ ማለት የጎኖቹን ቁራጮች በከፈዩ ርዝመት፣ የላይና የታቹን በጎኑ መቁረጥ አለብህ። የከፈዩ ጎን 177ቱን ካልሸፈነ ቁራጮቹን መሃል ላይ ቀጥላቸው፤ በከፈይ ላይ ስፌቱ አይታይም።

አዲስ_ተመልካች፦

የከፈዩ ጎን 150 ስለሆነ መቀጠሌ ነው። ፀጉሩን አይቼ ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ። ለከፈዩ ኮላ ይሻላል ወይስ ስቴፕል?

መርፌና_ክር፦

ስቴፕል፣ ከጀርባ። ኮላ ከፈዩን ሰርጎ ወደ ፊት ይወጣና ፀጉሩን ያደርቀዋል፤ የደረቀው ቦታ ደግሞ ያብለጨልጫል። በፊት ለፊቱ በኩል የውስጠኛውን ዳር አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈህ ስፋው፤ ከምስሉ ጋር የሚዋሰነው እሱ ስለሆነ ቀጥ ማለት አለበት።